በምቹ ጊዜ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ፈትለወርቅ ካሣዬ ከወንበሯ ተነሥታ ትቆማለች። ምንም አትናገርም፤ የሚያዳምጣትም የለም። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ በመስኮቱ በኩል የጎረቤቷን የውሃ ታንከር እያየች አሥራ አንድ ደቂቃ ትቆማለች። በዚያው ሰዓት ረምላ አብዱሰላም እዚያው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ባለው ቤቷ ቆማለች። አለቃቸው አቶ ድንበሩም አዲስ አበባ፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቆመዋል። የቡድኑ የማለዳ ስብሰባ ነው።

ስብሰባው በቁም እንዲሆን የወሰኑት የድሮ ሶፍትዌር ሠሪዎች ናቸው። ሰው ከቆመ ወሬ አያበዛም ብለው ነበር አሉ። ሦስት ጥያቄም ትተው አልፈዋል፦ ትናንት ምን ሠራሽ፣ ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ፣ ምን አገደሽ። አሁን የሚጠያየቁትም የሚመላለሱትም እንደራሴዎቹ፣ በየሰዉ ስም የሚናገሩት ፕሮግራሞች፣ ናቸው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚለውን ለራሱ እንደራሴ ይነግራል፤ እንደራሴዎቹ እርስ በርሳቸው ተነጋግረው ለመጨረስ አራት ሰከንድ ይበቃቸዋል። መቆሙ ግን ከውሉ ላይ አልተሰረዘም። የሚቆሙበት ምንጣፍ ክብደት ስለሚመዘግብ ሦስቱም በየቤታቸው ጸጥ ብለው ይቆማሉ። ፈትለወርቅ እግሯን ስለሚያማት አንዳንዴ ግድግዳ ትደገፋለች። ያም ይመዘገባል።

ደቂቃው ሲሞላ ትቀመጣለች፤ ማጠቃለያውም ግድግዳዋ ላይ ይወጣል። የዚያን ሐሙስ ማጠቃለያ ስለ ረምላ እንዲህ ይል ነበር፦ «ሥራው በመልካም ሁኔታ ላይ ነው። አንዲት ትንሽ ነጥብ አለቻት፤ በምቹ ጊዜ ብትነጋገሩባት ደስ ይላታል።»

ፈትለወርቅ ሰላምታ እንደሚነበብ አነበበችው። ረቡዕም እንዲሁ ይል ነበር፤ ማክሰኞም። ቢቆጠር አሥራ አንድ የሥራ ቀን ሙሉ ያችው ትንሽ ነጥብ ምቹ ጊዜ ስትጠብቅ ኖራለች። እሷም በበኩሏ ከዘጠኝ ቀን በፊት ለረምላ ጥያቄ ልካ ነበር፤ የተመለሰላት «ረምላ አመስግናለች» የሚል ነው። ምስጋና ደግሞ ማንም አይጠላም።

ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቡድን ሲሠሩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ረምላ ፕሮግራሙን ትጽፋለች፤ ፈትለወርቅ የተጻፈውን ትፈትሻለች። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አብረው ይበሉ፣ አብረው ይስቁ፣ በሥራም ፊት ለፊት ይወቃቀሱ ነበር። የድሬ ሰው ናቸውና ነገር አያሽሞነሙኑም። አንድ ቀን ግን ፈትለወርቅ በደንበኞች ፊት የረምላን ስህተት አንድ በአንድ አነበበች። ረምላም እዚያው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «አንቺ የምትፈልጊው ስህተት አይደለም፤ የምትፈልጊው የምታዋርጂው ሰው ነው» አለቻት።

ይህች ቃል ፈትለወርቅን ቆረጠቻት። ልክ አለመሆኗን ብታውቅ ኖሮ ትረሳት ነበር፤ የከፋው ግማሿ እውነት መምሰሏ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እንደራሴዋን ከፈተችና በእሷና በረምላ መካከል ያለውን የለዘብታ መጠን ከሁለት ወደ ዘጠኝ አነሣችው። ከዚያ ወዲያ የምትልከውም የሚመጣላትም ለዝቦ ያልፍ ጀመር። ሰባት ዓመት አንድ ክፉ ቃል በመካከላቸው አልተሰማም። አቶ ድንበሩ በየዓመቱ ግምገማ «ከሁሉም ቡድኖቼ የምትግባቡት እናንተ ናችሁ» ይሏቸው ነበር። ሁለቱም እንዲያ መስሏቸው ኖሩ፤ ወይም እንዲያ ቢመስላቸው ይሻላቸው ነበር።

በዚያ ዙር የያዙት ሥራ የአሸዋው መብራት ነው። የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው፤ ሕዝቡም አሸዋው ላይ ወርዶ ይገበያያል። ዝናብ ግን ከተማው ላይ ሳይሆን እላይ ተራራው ላይ ይዘንብና፣ እዚህ ፀሐይ እያቃጠለች ጎርፍ ይመጣል። ስለዚህ ተራራው ላይ መለኪያ ተተከለ፤ ገበያው መሐል ደግሞ ረጅም ምሰሶ ላይ መብራት ቆመ። አረንጓዴ ከሆነ ተቀመጡ፣ ቀይ ከሆነ ውጡ ነው። ርክክቡ ለመጪው ቅዳሜ ተቀጥሮ ነበር፤ መብራቱ ግን ለሙከራ ተብሎ ከበራ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሻጮቹ «ሙከራ» የሚለውን ወረቀት አላነበቡም። በሦስተኛው ቀን ሰማይ ማየት ትተው መብራቱን ያዩ ጀመር።

ስድስት ሰዓት ላይ ፈትለወርቅ ሎሚ ልትገዛ ወደ አሸዋው ወረደች። ሐሙስ ትልቁ ገበያ ነው። ሎሚ የምትገዛው ከአዴ ሜይሩን ነው፤ አዴ ሜይሩን ደግሞ የረምላ እናት ናት። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አርባውን ያሳለፈችው በዚያች አንዲት ቦታ፣ ከምሰሶው በስተ ግራ፣ በሎሚና በፓፓያ መካከል ነው። እንደራሴ ያዥ ሲሏት «እኔ አፍ አለኝ» ብላ የመለሰች ሴት ናት። ከጠቡ ወዲህም ፈትለወርቅ ደንበኝነቷን አልተወችም፤ አዴ ሜይሩንም በሰባት ዓመት ውስጥ የልጇን ስም በፊቷ አንሥታ አታውቅም። ሁለቱንም ይሉኝታ ይዟቸው ነበር።

ያን ቀን አነሣችው። ሎሚውን እየመረጠች፣ ቀና ሳትል ነበር የጠየቀቻት።

«አንቺ ፈትለ፣ ልጄ ምን አድርጋሽ ነው?»

ፈትለወርቅ ደነገጠች። ምን ሆነች ብላ ጠየቀች።

«ምሳዋን መብላት ተወች። ፈትለን አሥራ አንድ ቀን ለመንኳት፣ ይሄ ነገር ሰው ይፈጃል አልኳት፣ እሷ ግን ሥራሽ ያምራል እያለች ትሸኘኛለች ትላለች። ምነው? የድሮው ነገር ነው?»

«ምንድን ነው ሰው የሚፈጀው?»

አዴ ሜይሩን የሎሚውን ፌስታል አስቀመጠችና በአገጯ ወደ ምሰሶው አመለከተች። «እኔ የእናንተን ነገር አላውቅም። ተራራው ላይ ያለው መለኪያ ከሞተ መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል አለችኝ። ውሃው ቢመጣም አረንጓዴ ነው። ዛሬም አትውረጂ ብላ ስትጨቀጭቀኝ ነበር፤ ተጣልተን ነው የመጣሁት።»

ፈትለወርቅ ከዘጠኝ ቀን በፊት የላከችው ጥያቄ ትዝ አላት። ለእንደራሴዋ የነገረችው በግልጽ ነበር፦ መለኪያው ዝም ሲል ምን እንደሚሆን አልፈተሽኩም፣ ያን ክፍል ጽፈሽዋል ወይ? ረምላም ያንኑ ክፍል አልጻፍኩም፣ ጊዜ ስጡኝ፣ መብራቱም ይጥፋ ስትል ኖራለች። ሁለቱ ሴቶች አንድ ጥያቄ ከሁለት አቅጣጫ እየወረወሩ፣ በየፊናቸው የሚደርሳቸው ግን ምስጋና ነበር።

ክንዷ ላይ ያለውን ሰሌዳ አየች። የተራራው መለኪያ ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረው አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። አሁን ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ቀና ስትል ከበላይዋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ተራራው ግን አይታይም። ተራራው በነበረበት ቦታ ጥቁር ደመና ተቀምጧል። መብራቱ አረንጓዴ ነበር።

ለረምላ ደወለች። ያነሣው የረምላ እንደራሴ ነው። ረምላ ሥራ ላይ መሆኗን በትሕትና ነገራትና መልእክት ካላት በደስታ እንደሚያደርስ ጨመረ። ፈትለወርቅ ጎርፍ እየመጣ ነው፣ መለኪያው ሞቷል፣ ሕዝቡ አሸዋ ላይ ነው አለችው። ወዲያው የተላከው መልእክት ግልባጭ ክንዷ ላይ ወጣ፦ «ፈትለወርቅ ስለ አየሩ ሁኔታ አንድ ሐሳብ አላት። በምቹ ጊዜ ብትነጋገሩበት ደስ ይላታል።»

የራሷን ቃል እንዲህ ሆኖ ስታየው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ግልባጩን የማየት መብቱ ሁልጊዜም ነበራት፤ አይታው አታውቅም እንጂ። ቶሎ ብላ ለዘብታውን ወደ ዜሮ ልታወርደው ሞከረች። እንደራሴዋ እንዲህ ያለው ለውጥ ግንኙነትን ሊጎዳ ስለሚችል የአንድ ቀን ማሰላሰያ እንደሚያስፈልገው፣ ጥያቄዋም ነገ በዚሁ ሰዓት እንደሚፈጸም አሳወቃት። መልካም ቀንም ተመኘላት።

«ውጡ!» ብላ ጮኸች ፈትለወርቅ። «ጎርፍ እየመጣ ነው!»

አጠገቧ ያሉት ዞር ብለው አዩዋት፣ ቀጥለውም መብራቱን አዩ። ሽንኩርት የሚሸጠው ጎልማሳ በትዕግሥት «እህቴ፣ አረንጓዴ ነው እኮ» አላት። ያን መብራት ያቆመችው እሷ ናት። እመኑት እያለች በየመደቡ የዞረችው፣ ፎቶም የተነሣችው እሷ ናት። አሁን አትመኑት ስትል የሚሰማት አጣች፤ እንባዋም መጣ።

አዴ ሜይሩን ግን እየሰማች ነበር። ከቀሚሷ ኪስ አሮጌ ስልኳን አወጣች። በዚያ ስልክና በልጇ መካከል እንደራሴ አልነበረም፤ የእናት ጥሪ ሳይጣራ ያልፋል። ደውላ ለፈትለወርቅ ሰጠቻት።

«እማ፣ ወጣሽ?» አለ ከዚያ በኩል ያለው ድምፅ።

«እኔ ነኝ» አለች ፈትለወርቅ። «ፈትለ ነኝ።»

የአንዷን ድምፅ ሌላዋ ከሰማች ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል።

«መለኪያው ከአራት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ ዝም ብሏል። እናትሽ አሸዋ ላይ ናት፣ እኔም አለሁ፣ ገበያው ሙሉ ነው። ቀይ አድርጊው።»

«ነግሬሽ ነበር» አለች ረምላ። «አሥራ አንድ ቀን ነግሬሽ ነበር።»

«አልደረሰኝም። በኋላ እንደፈለግሽ ስደቢኝ። አሁን ቀይ አድርጊው።»

«ቀይ የሚሆነው መለኪያው ሲናገር ብቻ ነው። እኔ ከዚህ ማድረግ የምችለው ማጥፋት ነው፤ እሱንም አንቺ ስትፈቅጂ።»

«አጥፊው።»

አሥር እስኪቆጠር ያህል ቆይቶ መብራቱ ጠፋ። ገበያተኛው መብራቱን አረንጓዴ ሆኖ ያውቀዋል፤ ቀይም ይሆናል ሲባል ሰምቷል። ጠፍቶ ግን አይቶት አያውቅም። ጨዋታው ቀዘቀዘ፤ ሰው ሁሉ ምሰሶውን እያየ ቆመ፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን የነገረው የለም። ያኔ አዴ ሜይሩን ተነሣች። ሎሚዋን እንዳለ ትታ፣ የተቀመጠችበትን ዱካ ብቻ ብብቷ ስር ይዛ፣ አርባ ዓመት ሎሚ በጠራችበት ድምፅ ተጣራች።

«ያጠፋችው ልጄ ናት! ውሃ መጥቷል! ውጡ፣ ዕቃ አትልቀሙ!»

አዴ ሜይሩን ሎሚዋን ትታ ስትሄድ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አልጠየቀም። ሽንኩርት ሻጩም ተነሣ፤ ቀጥሎ ባለ ጨርቆቹ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ፈትለወርቅ እግሯ እያመማት ከመደብ መደብ እየዞረች የተቀመጡትን ስታስነሣ፣ የተኙ ሕፃናትን ለእናቶቻቸው ስታቀብል ቆየች። በመጨረሻ ዳር ላይ ስትወጣ ድንጋይ እየጎተተ የሚመጣ ድምፅ ሰማች። ውሃው ቡናማ ነበር፤ ድንጋይና ግንድ ይዞ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ መጣ። ከላዩ ፀሐይ ታበራ ነበር። ምሰሶውን እንደ እንጨት ሰብሮ ወሰደው።

አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ሊያድን ተመልሶ ክንዱ ተሰበረ። ሌላ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ሎሚው ሁሉ ሄዷል።

ረምላ እየሮጠች ስትደርስ እናቷ ዱካዋን ዳሩ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ተንበርክካ አቀፈቻት፤ ብዙ አለቀሰች። ቀጥላ ቀና ብላ ፈትለወርቅን አየቻት። አላቀፈቻትም፤ አልሰደበቻትምም። እናቷን ደግፋ አስነሣችና ይዛት ሄደች። ፈትለወርቅ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ብላ አሰበች።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ማጠቃለያው ወጣ። «በዛሬው ዕለት በቡድኑ አባላት መካከል መልካም ትብብር ታይቷል። መብራቱን በተመለከተ ጥቂት ማሻሻያ ሊታሰብ ይችላል።»

አቶ ድንበሩ ይህን ሲያነቡ ያደረጉት ነገር በመሥሪያ ቤቱ ዘመን ተሰምቶ አይታወቅም። ለሁለቱም በየተራ ራሳቸው ደወሉ። ፈትለወርቅን ካጽናኗት በኋላ በዙሩ ማብቂያ ሁልጊዜ የሚደረገውን «ምን ተማርን» የሚል ስብሰባ እንዳስቀሩት ነገሯት። እንደራሴዎቹ የተማሩትን መስማት አልፈልግም አሉ። በምትኩ የአሥራ ሁለት ዓመቱ መልእክት ሁሉ ከመለዘቡ በፊት እንደነበረ እንዲከፈት አዘዋል፤ እያንዳንዷ የተላከላትን በጥሬው ታንብብ።

«እኔም ጥፋተኛ ነኝ» አሏት። «ስላልተጨቃጨቃችሁ የተግባባችሁ መስሎኝ ነበር። የእኔም ለዘብታ ስምንት ላይ ነበር፣ ልጄ። ክፉ ወሬ ስሰማ ደም ግፊቴ ይነሣል።»

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ፈትለወርቅ ስታነብ ዋለች። በመጀመሪያ የአሥራ አንዱን ቀን ወሰደች። ረምላ በመጀመሪያው ቀን የጻፈችው በትሕትና ነው፤ በአምስተኛው ቀን ትለምናለች፤ በዘጠነኛው «ፈትለ፣ በአላህ፣ እናቴ እዚያ ነው የምትቀመጠው» ትላለች። ይህ ሁሉ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ነበር የደረሳት። ፈትለወርቅ እያነበበች ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ወደ ኋላ ሄደች። ስድብ ትጠብቅ ነበር፤ ስድብ አገኘች። «ግትር» የሚል አለ፤ «ቅናተኛ» የሚል አንድ ቦታ አለ። የገረማት ቁጥሩ ማነሱ ነው። አብዛኛው የሥራ ነገር ነው፤ አልገባኝም፣ አግዥኝ፣ ይሄን እኔ አበላሽቼዋለሁ የሚል። በሰባት ዓመት ውስጥ ረምላ አበላሽቻለሁ ስትላት አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም ነበር። ኩሩ ናት ብላ ደምድማ ነበር።

በመጨረሻ ከጠቡ በኋላ ወዳለው ሳምንት ደረሰች። ጠቡ ሰኞ ነበር። ሐሙስ ዕለት የመጣላትን መልእክት ደህና አድርጋ ታስታውሰዋለች፤ ተናዳ ነበርና። «ረምላ መልካም ሳምንት ትመኝልሻለች» ይል ነበር። ሰው እንዲያ ከተናገረ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ መልካም ሳምንት ሲመኝ ምን ይባላል? «ለእሷም እንዲሁ» ብላ መለሰች። ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

ጥሬው እንዲህ ይላል፦

«ፈትለ፣ ሰኞ ዕለት ያልኩሽ ሐሰት ነው። አፍሬ ነው የተናገርኩት፤ ስህተቱ የኔ ነበር፣ አንቺ ልክ ነበርሽ። አንቺን የመሰለ ጓደኛ የለኝም። ይቅር በይኝ። ካልሽ ቅዳሜ እማ ጋ እንብላ።»

ለዘብታው ዘጠኝ ሲሆን እንደራሴው የሰኞውን ክፉ ቃል የሚያስታውስ ነገር ሁሉ እንዲያስቀር ታዝዞ ነበር። ይቅርታውም ያንን የሚያስታውስ ነበርና አብሮ ቀረ። ያዘዘችው ፈትለወርቅ ካሣዬ መሆኗ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ከግርጌው ተጽፏል።

ፈትለወርቅ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የሰባት ዓመት ቅዳሜ ስንት ነው ብላ ልታሰላ ጀመረችና ተወችው።

በነጋታው ሦስት ሰዓት ላይ ምንጣፏ ባዶ ነበር። ያልተገኘች ብሎ መዘገባት። እሷ ገንደ ቆሬ፣ የረምላ በር ላይ ቆማለች። ከቤቷ እዚያ ድረስ በእግሯ መጥታ ሕመሙ ጸንቶባታል። ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ረምላ በሩን ስትከፍት ፀጉሯን አልሸፈነችም፤ ዓይኗ አብጧል። እሷም ዓርብ ዕለት የፈትለወርቅን ጥሬ መልእክት ስታነብ እንደዋለች ያስታውቃል። ከጀርባዋ የእናቷ ሳል ይሰማል።

ፈትለወርቅ በመንገድ ላይ ብዙ ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። የቀራት በየጠዋቱ የሚጠየቀው ጥያቄ ብቻ ነበር፣ አሥራ ሁለት ዓመት የለመደችው።

«ትናንት የላክሽልኝን አነበብኩ» አለች። «ዛሬ መልሱን ይዤ መጣሁ። ያገደኝ... ያገደኝ እኔው ነኝ፣ ረምላ። ይቅር በይኝ።»

ረምላ ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ዓይኗም በፈትለወርቅ ያበጠ እግር ላይ ቆመ።

«ቅሌታም» አለቻት። ቀጥላም በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችው። «እግርሽን አሞሻል። ምን ያቆምሻል፣ ግቢና ተቀመጪ።»